ነሐሴን በጌይተርስበርግ፦ በግ የሚያሳድጉ ልጆች ከተማ

በዚህ ክረምት ዘመድ ልትጠይቁ ወደ ሜሪላንድ የምትሄዱ ከሆነ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ልታዩት የሚገባ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትነዱ ጌይተርስበርግ ትደርሳላችሁ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የግብርና አውደ ርዕይ የሚካሄደው እዚህ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ሲሆን፣ ጊዜው ነሐሴ ነው።

«በዋሽንግተን አጠገብ ምን እርሻ አለ?» ትሉ ይሆናል። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ1980 ከ37 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ለግብርና ከልሏል። ስለዚህ ከመኖሪያ ሰፈሮቹ ጀርባ ዛሬም ላም ይታለባል፣ በቆሎ ይዘራል።

የመጫወቻውንና የጣፋጩን መንገድ ልጆቻችሁ ራሳቸው ያገኙታል። እናንተ ቀጥታ ወደ በረቶቹ ግቡ። ጭድ የሚጠርገው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ በግ የሚያጥበው የአስርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ብዙዎቹ «ፎር ኤች» የሚባለው የወጣቶች ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1902 በኦሃዮ የተጀመረ ሲሆን፣ አራት ቅጠል ያለው አረንጓዴ ምልክቱ ጭንቅላትን፣ ልብን፣ እጅንና ጤናን ይወክላል።

ሥራው የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው። ልጁ በጸደይ ግልገል ይይዛል፤ ጠዋት ማታ ይመግባል፣ ይመዝናል፣ አብሮት መራመድ ያለማምደዋል። ለመኖ ያወጣውን እያንዳንዱን ሳንቲም በመዝገብ ይጽፋል። የትርዒቱ ቀን ሲደርስ በጉን ያለ ገመድ፣ አገጩን በእጁ ይዞ ዳኛው ፊት ያቆማል። በአንዱ ውድድር የሚመዘነው የእንስሳው ሥጋና አቋም ነው። በሌላው ግን የሚመዘነው ልጁ ራሱ ነው፦ እንስሳውን እንዴት ይዟል? ዳኛው ስለ መኖው ሲጠይቀው ይመልሳል?

ከዚያ ጨረታው ይመጣል። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ይህኛውን ወደድኩት። ልጆቹ አስቀድመው ለአካባቢው ነጋዴዎች ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳሳደጉ፣ ገንዘቡን ለምን እንደሚፈልጉት ይገልጻሉ። ገዢዎችም ልጁን ለማበረታታት ብለው ብዙ ጊዜ ከገበያ ዋጋ በላይ ይከፍላሉ።

የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የወተት ላሞችና ለእርባታ የተያዙት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ለሥጋ የተሸጡት አብዛኞቹ ግን ወደ ቄራ ይሄዳሉ። ሪባን ያሸነፈ ልጅ የበጉን አንገት አቅፎ ሲያለቅስ ብታዩ አይግረማችሁ። ወላጆቹ አጠገቡ ይቆማሉ እንጂ አያታልሉትም፤ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል።

እኛስ? በበዓል ዋዜማ በጉ ግቢ ይገባል፣ ልጆች ስም ያወጡለታል፣ በማግስቱ «የት ሄደ?» ሲሉን ወሬ እንቀይራለን። ሐዘኑ እዚያም እዚህም አንድ ነው። ልዩነቱ የዚያኛው ልጅ እንስሳው ምን እንደበላ፣ ስንት እንደፈጀና ለምን እንደተሸጠ ማወቁ ነው። ሳህኑ ላይ ያለውን ሥጋ የሚያይበት ዓይን ከልጆቻችን የተለየ ይመስለኛል።

ለመንገዳችሁ ጥቂት ምክሮች፦ የትርዒቱና የጨረታው ቀናት ስለሚለያዩ ፕሮግራሙን ቀድማችሁ ተመልከቱ። ሽፍን ጫማ አድርጉ። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ እንስሳ አትንኩ፣ ከበረት ስትወጡ እጃችሁን ታጠቡ። ጊዜው ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም የምትጾሙ ከሆነ ስንቅ ያዙ። ከሁሉም በላይ ልጆቻችሁ ጥያቄ ይጠይቁ፤ በጎቹን ያሳደጉት ልጆች ማስረዳት ይወዳሉ።

ተመልሳችሁ አዲስ አበባ ስትገቡ፣ ለሚቀጥለው በዓል በግ ልትገዙ ስትወጡ ልጃችሁን አስከትሉ። ወገቡን ጨብጦ ይመዝን፣ ጥርሱን ይይ፣ ዋጋውን ከነጋዴው ጋር ይከራከር። «የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቃችሁም እውነቱን ንገሩት።