«ሴት ልጅና ሳይክል ምን አገናኛቸው?»

እናንተዬ፣ የስድስት ዓመት ልጅን በሳይክል ቁልቁለት ማውረድ እብደት የሚመስላችሁ ካላችሁ ስሙኝማ። መጀመሪያ ፔዳሎቹን አስፈታሁ፤ ኮርቻውንም ሁለቱም እግሮቿ መሬት እስኪረግጡ ዝቅ አደረግሁላት። በእግሯ እየገፋች ሚዛን ለመደች። ፔዳሉ ሲመለስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሜዳ ላይ ያስተማርኳት መሄድን ሳይሆን መቆምን ነው። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ብቻውን በድንገት ከተያዘ በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥላል፤ ሁለቱንም ቀስ እያሉ መያዝ ነው። ትንንሽ ጣቶቿ እንዲደርሱ የሰፈራችን ጠጋኝ የፍሬኑን እጀታ አቀረበላት።

አማቴ ግን የርዕሱን ጥያቄ ጠይቀው አኮረፉ። ምክንያቱን ልጅቷ ፊት አይናገሩትም፤ እኛም ገብቶናል። (ዘመኑ ስንት ደረሰ ጃል!) ባለቤቴ «እማዬ፣ እኔን የከለከልሽኝ ይበቃል» ስትላቸው ቤቱ ጸጥ አለ።

ባለፈው እሁድ እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ነውና ብርዱም ትንፋሹም ቀላል አይደለም። መጨረሻው ሜዳ የሆነ አጭር ቁልቁለት መረጥኩ፤ ፍሬን መያዙን ብትረሳ እንኳ ሳይክሉ ራሱ ይቆማል። ሄልሜቷን አሰርኩላት። «ፔዳሉ ላይ ቁሚ፣ ጉልበትሽን እጠፍ አድርጊ፣ ዓይንሽ ወደ ፊት!» ቁልቁል አየችና «አባዬ፣ ዛሬ ይቅርብኝ» አለች። እሺ ብዬ ሳይክሉን እየገፋን በእግራችን ወረድን። ታች ስንደርስ «የሚቀጥለው እሁድ ግን ብቻዬን ነው» አለችኝ።