አንድ ሺህ ቀን በዝቋላ

«የዝቋላ ልጅ ነኝ» ስል ሰው ቶሎ የሚታየው ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ተራራና ገዳም ነው። የእኛ ዝቋላ ሌላ ነው። ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ የሚገኝ፣ ፍየልና ማር፣ ሙቀትና ወባ የሚያውቅ ወረዳ ነው። እዚሁ ጽጽቃ ከተማ ሁለት ልጆች እያሳደግን ነው። ትልቁ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል፤ ትንሿ አሥራ አራት ወሯ ነው።

ትልቁ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ትምህርት ቤት ኽምጣኛ ይማራል፣ ቤት አማርኛ ያነባል። ማታ የሶላሯ መብራት እስክትደክም ድረስ የመማሪያ መጽሐፉን፣ የዘይት ጀሪካኑን ጽሑፍ፣ የእህቱን የክትባት ካርድ ሳይቀር ይጨርሳል። አንድ ማታ ካርዱን ይዞ መጣና፣

«አባዬ፣ ይቺ መስመር ለምን ተኛች?» አለኝ።

የክብደቷ መስመር ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ ወደ ላይ መውጣቷን ትታ ተጋድማለች።

በሳምንቱ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታችን መጣች። የልጅቷን ግራ ክንድ በባለ ቀለሟ ሜትር ለካች። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ አረንጓዴ ነው፣ ከ11.5 በታች ቀይ። የእኛ 12.2፣ ቢጫ ላይ ቆመች። «አትደንግጡ፣ ግን አትዘናጉ» አለችን። ክንዱ የሚያሳየው መቀጨጭን ነው፤ ልጅ መክሳቱን። መቀንጨር የሚባለው ግን የሚታወቀው በቁመት ነው፣ ቀስ ብሎ ስለሚመጣም ዓይን አይገባም። ልጁ ከእድሜው ያጥራል፣ አእምሮውም የሚገባውን ያህል ሳያድግ ይቀራል። በኋላ ፊደል የሚከብደው ልጅ «ሰነፍ» ይባላል እንጂ ማን ገና በጡት ዘመኑ የጎደለበትን ያስታውሳል? ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት ያለው ጊዜ አንድ ሺህ ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የጎደለውን መሙላት በጣም ይከብዳል።

ይህን ጉዳይ ስልኬ ላይ ሳነብ የራሴን አገር ስም አገኘሁት። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ሊያስቀር ቃል ገባ። ሥራውም ከአማራና ከትግራይ የተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ጀመረ። ሰቆጣ የተመረጠችው በ77 ረሃብ ስለምትታወቅ ነው። እናቴ በ77 አንድ ልጅ ቀብራለች። እኛ ቤት ያ ዓመት ታሪክ አይደለም፤ ማዕድ ላይ አብሮን ይቀመጣል። በ2015 ክረምት ዝናቡ ሲከዳን ደግሞ እኔም ቀመስኩት።

ኤክስቴንሽኗ ገንፎውን እንድናወፍረውና እንቁላል እንድንጨምርበት መከረችን። ሦስት ዶሮ አለን። ችግሩ፣ እንቁላሉ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ የትልቁ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሆን ነው። ማለትም የአንዱ ንባብ ከሌላዋ ገንፎ ላይ ሊነሳ ነው። ባለቤቴ ብዙ አላወራችም፤ «አንዱ ቀን ለገበያ፣ አንዱ ቀን ለእሷ» ብላ ደነገገች። ልጁም የሒሳብ ልምምዱን አሮጌ ካርቶን ላይ በከሰል መሥራት ጀመረ። ደብተሩ ለንጹሑ ብቻ ነው።

ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ ድስቱን ከእጃችን ነጠቀች።

«እማዬ፣ ሕፃን ይጾማል እንዴ?»

«ሕፃኗማ አትጾምም፣ ልጄ። ድስቴ ግን ይጾማል!»

እውነቷን ነው። ብዙ ቤት ሕፃን በጾም ወራት ወተትና እንቁላል የሚቀርበት፣ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ነው። ማንም ጨክኖበት አይደለም። ባለቤቴ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ ገዛች። ከዚያ ወዲህ ገንፎውን የምታገነፋው ራሷ እናቴ ናት፤ ለጎረቤትም «የልጅ ድስት ለዩ» እያለች ትመክራለች።

ባለፈው ሲለካ 12.4 ሆነ። ገና ቢጫ ነው። ከሺው ቀን ሦስት መቶ ገደማ ቀርቷታል። ትልቁ አሁን ገንፎዋን እየጠበቀች ሳለ ተረት ያነብላታል፤ ምንም አይገባትም፣ ግን አፉን አፉን ታየዋለች። አንድ ቀን የሰቆጣን ስም ራሷ አንብባ «ምን ቃል ነበር የገቡልኝ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ የመንግሥቱን መልስ ለመንግሥት እተወዋለሁ። የእኛን ግን ከትንሿ ድስት ጀምሬ እነግራታለሁ።