ባለ ዐሥራ ሁለት መሳቢያ ሙዳይ

በልጅነታችሁ እናታችሁ ልብሳችሁን ልታጥብ ኪሳችሁን ስትፈትሽ ምን ምን ታገኝ እንደ ነበር ታስታውሱ ይሆን? ከእኔ ኪስ የሚወጣው የጃርት ወስፌ፣ ዶቃ፣ የዛጎል ስባሪና ስሙን የማላውቀው የዛፍ ፍሬ ነበር። እናቴ «ይህን ጉድፍ ወዲያ ጣልልኝ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ጉድፍ መሆኑን ስላልተቀበልሁ ማኖሪያ አበጀሁለት። ባዶ የክብሪት ቀፎዎች በሙጫ አጣብቄ ባለ 12 መሳቢያ ሙዳይ ሠራሁ።

በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሰው አለመሆኔን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መሳፍንትና ሊቃውንት ከየአገሩ ያሰባሰቡትን ብርቅ ነገር፣ ቅርፊቱንም ቀንዱንም ሳንቲሙንም፣ በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ቁም ሣጥን ያከማቹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1683 በኦክስፎርድ ከተማ የተከፈተው የአሽሞልያን ሙዚየም መነሻው እንዲህ ያለ የግለሰቦች ስብስብ ነው። በቢቸና የነበረው የእኔ ሙዚየም ግን ጐብኚው አንድ ብቻ ነበር።

ጐብኚዬ የሞጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ለክረምት እኛ ዘንድ መጥቶ ሙዳዬን ካየ በኋላ እሱም የራሱን ሠራ፤ ልውውጣችንም ተጀመረ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ መልእክተኛችን ሆነ። የአውቶቡስ ረዳት ወይም መንገደኛ ዘመድ በጨርቅ የተጠቀለለች ቀፎ ያደርስልናል። እኔ አያቴ ፈቅደው የሰጡኝን የጥይት ቀለህ ላክሁለት፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. እነበላይ ዘለቀ በዚያ አገር ጣሊያንን ሲዋጉ ከተተኰሰው አንዱ ነው ብለውኝ ነበር። እሱም ጥንት እንደ ገንዘብ ያገለግል ከነበረው አሞሌ ጨው የተረፈ ስባሪ ላከልኝ፤ ቀጥሎም ከሰባራ ድልድይ የተገኘ ነው ያለውን የኖራ ፍርፋሪ። (በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ከሚነገርለት ድልድይ ሳይሆን ከጎረቤቱ ግድግዳ የተፋቀ እንደ ሆነ ዛሬም ተስፋ አደርጋለሁ።) ሕጋችን አንድ ነበር፤ የተሰጠ አይመለስም።

አንድ ጊዜ የሙዳዬን ዓይን ላክሁለት። ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ዘመድ ያመጣልኝ፣ የዛጎል ቅርጽ የታተመባት ድንጋይ ነበረች። ምላሹ በቀፎ ሳይሆን በጨርቅ ተቋጥሮ መጣ። ስፈታው ማርያ ቴሬዛ ብር ሆኖ አገኘሁት። የኦስትሪያዋ ንግሥት ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀርቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ነጋዴዎች በምስሏ ላይ ያሉትን ፈርጦች እየቆጠሩ ትክክለኛነቱን ይመረምሩ ነበር፤ አንጥረኞችም እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ ሠርተውበታል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላም በየቤቱ ተቀምጦ ኖሯል። እኔ ግን የማስቀምጥበት አጣሁ፤ ከዐሥራ ሁለቱ መሳቢያዎች በአንዱም አልገባ አለ።

ሳገላብጠው በጠርዙ ላይ የብየዳ ምልክት አየሁ። ቀለበት ተበይዶበት በኋላ የተነቀለ ነው፤ እንግዲያው ከአንዲት ሴት አንገት የወረደ ብር ነው። ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ የአባቱ እናት፣ እማሆይ፣ ከመቀነታቸው ጫፍ እየፈቱ «ይህች ለመገነዣዬ ናት» ሲሉ መስማቴ ትዝ አለኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ብመልሰው የአክስቴ ልጅ ሌባ ይባላል፤ ዝም ብል ደግሞ የእማሆይን መገነዣ የያዝሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን «አክስቴ ናፈቀችኝ» ብዬ ወደ ሞጣ ተሳፈርሁ።

ስደርስ በቤቱ የምታገለግለው ልጅ ጓዟን በጕልበቷ ላይ አድርጋ ከደጅ ተቀምጣለች። ብሩን ወስዳለች ተብላ ወደ አገሯ የሚወስዳትን ሰው ትጠብቃለች። የአክስቴ ልጅ እኔንም እጄንም አየ። ብሩን ተቀበለኝና ቀድሞኝ ገባ፤ የተናገረውም ራሱ ነው፤ እኔ አንድ ቃል አልጨመርሁም።

እማሆይ ብሩን በመዳፋቸው መዘኑት። አልተቈጡም። «ምን ሰጥቶህ ነው?» ብለው ጠየቁት። ድንጋዪቱን አምጥቶ ሰጣቸው። ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ተመለከቷትና «የባሕር ዛጎል በዚህ ተራራ መካከል ምን ሊሠራ መጣ?» አሉ። የመለሰ አልነበረም። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ባሕር ይህን ምድር ሸፍኖ እንደ ነበር፣ በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይም የዚያ ባሕር ደለል እንደ ሆነ በትምህርት ቤት ስማር፣ እማሆይ በዚያው ብር ተገንዘው ነበር።

ከዚያም ልጅቱን አስጠሯት። «ማሪኝ፣ ልጄ» ሲሉ ለመኗት፤ እንድትቀመጥም ጠየቋት። «ይማርዎ፣ እማሆይ» አለች። ጓዟን ግን አልፈታችም። በማግሥቱ ማለዳ እኔ ወደ ቢቸና ስሳፈር፣ እሷ ከአጎቷ ኋላ ኋላ በእግሯ የገጠሩን መንገድ ይዛ ስትሄድ አየኋት።