በወር ሁለት ቀን

ፍሪስኮ አሮጌ ነገር የማይበዛባት ከተማ ናት። ከዳላስ በስተሰሜን ትገኛለች፤ ስሟን ያገኘችው ከመቶ ዓመት በፊት በመካከሏ ካለፈው የባቡር ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ነዋሪዎቿ 33,714 ነበሩ፤ በ2020 ቆጠራ 200,509 ደረሱ። ቤቱ አዲስ፣ መንገዱ አዲስ፣ ዛፉ እንኳ ገና በእንጨት ተደግፎ የቆመ ነው። እኛ ሐበሾች ወደዚህ ስንመጣ የፈለግነው ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ መቃብር ፈልጎ የመጣ የለም።

በሜይ የመጨረሻ ሰኞ የሚውለው የሙታን ወታደሮች መታሰቢያ ቀን ለብዙዎቻችን ሥጋ ተጠብሶ የሚበላበት የዕረፍት ቀን ሆኖ የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል። ዘንድሮ ግን የወንድሜን ልጅ ይዤ ፍሪስኮ ኮመንስ ወደሚባለው መናፈሻ ሄድኩ። ምክንያት ነበረኝ። ልጁ 18 ዓመት ሞልቶታል። ከሳምንት በፊት የተጠባባቂ ጦር ወረቀት ይዞ መጣና፣ «አክስቴ፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እኮ ነው፤ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት። ለኮሌጅ ይረዱኛል» አለኝ። ወንድሜ አንድ ቃል ሳይናገር ከሳሎን ወጣ።

ወንድሜን አልፈረድኩበትም። በእኛ ቤት ውትድርና ሲባል የሚታወሰው በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር፤ ከዚያም በኋላ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል። እናቶች ልጆቻቸውን የደበቁበትን ጊዜ ያየ ሰው ያን ወረቀት ሲያይ ቢደነግጥ አይገርምም።

መናፈሻው ውስጥ ባለው የወታደሮች መታሰቢያ ፊት ቆመን ስለ ኮርፖራል ፒተር ኮርሲ ነገርኩት። የፍሪስኮ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 አፍጋኒስታን ውስጥ በፈንጂ ሲሞት 22 ዓመቱ ነበር። ልጁ አዳመጠኝና፣ «እሱ መደበኛ ወታደር ነው፤ እኔ ተጠባባቂ ነኝ» አለ።

ያኔ ስለ ኬኔዲ ሳንደርስ አነሳሁለት። ኬኔዲ የጆርጂያ ግዛት የዌይክሮስ ከተማ ልጅ ነበረች። ፋርማሲ ውስጥ እየሠራች የኤክስሬይ ባለሙያ ለመሆን ትማር ነበር፤ የሰፈሯን ሕፃናት እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ታሠለጥን ነበር። የ718ኛው መሐንዲስ ሻምበል ተጠባባቂ ወታደር ስትሆን፣ ወደ ዮርዳኖስ የሄደችው ወድዳ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2024፣ እሁድ ጎሕ ሳይቀድ፣ ለሶርያ ድንበር በሚቀርበው ታወር 22 በተባለ የጦር ሰፈር ወታደሮቹ በተኙበት ድሮን መታቸው። ከ40 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። የ24 ዓመቷ ኬኔዲ፣ የ23 ዓመቷ ጓደኛዋ ብሪዮና ሞፌትና የ46 ዓመቱ ሳጅን ዊሊያም ሪቨርስ ሞቱ። ሦስቱም ተጠባባቂ ነበሩ። ሁለቱ ወጣቶች የሳጅንነት ማዕረግ ያገኙት ከሞቱ በኋላ ነው።

የወንድሜ ልጅ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ፣ «ታሠለጥናቸው የነበሩት ሕፃናትስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ግን በወር ሁለት ቀን ከሚለው ወረቀት ጀርባ ሰው እንዳለ ያየው በዚያች ሰዓት ይመስለኛል።

አትሂድ አላልኩትም። ለአካለ መጠን ደርሷል፤ ወድዶ ማገልገልም ክብር ነው። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ ፊርማው በጠቅላላው የስምንት ዓመት ግዴታ እንዳለው አውቆ፣ ወረቀቱን ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያነበው። ያን ማታ አባትና ልጅ እራት ሳይነሳ ማንበብ ጀመሩ። እስካሁን አልጨረሱም፤ ልጁም አልፈረመም።

እናንተም በሚመጣው ዓመት በዚያ ሰኞ፣ ከሰል ከማያያዛችሁ በፊት፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ መታሰቢያ ሂዱ። የሁሉን ስም ማንበብ አይቻልም። የአንድ ሰው ስም ምረጡ፤ ከመሞቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን ለመሆን ያስብ እንደነበር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሙት ዓመት ማለት በእኛስ አገር ከዚህ ሌላ ምን ነበር?