የአያቴን ስም አብሮ አደጌ በራሷ ስም አስመዘገበችው!

ነገሩ የጀመረው በአንድ ኢሜይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024፣ የኖቬምበር ወር መጨረሻ፤ አሜሪካኖች ለገና ስጦታ ገበያውን የሚያጥለቀልቁበት ሰሞን ነበር። ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ "እስቲ ዛሬ ስንት ጋቢ ተሸጠ?" ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። የተሸጠ የለም። ሱቄም የለም! "የንግድ ምልክት ባለቤት ባቀረበው አቤቱታ መሠረት ዕቃዎችዎ ከገበያው ተነስተዋል" ይላል መልእክቱ። በአካውንቴ የነበረው ገንዘብም ታግዷል። ከታች "ጥያቄ ካለዎት አቤት ባዩን ያነጋግሩ" ብሎ የአቤት ባዩን ኢሜይል አስቀምጦልኛል።

ያንን ኢሜይል በቃሌ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ፣ ካዛንችስ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ፣ አንድ ወንበር ለሁለት ተካፍለን ስትከፍተው አጠገቧ ነበርኩ።

ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሜሪላንድ ሆኜ ጋቢና ነጠላ በኢንተርኔት ገበያ መሸጥ ጀመርኩ። ገበያው ስሙን ብጠራው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የሱቄን ስም በአያቴ የቤት ስም ሰየምኩት። አያቴ እስኪያልፉ ድረስ እንዝርት ከእጃቸው አልተለየም፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ስም ነበር የሚጠራቸው። እዚህ ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 አብሮ አደጌ መጣች። አንድ ግቢ ነው ያደግነው። እውነቱን ልናገርና እሷ ከመምጣቷ በፊት በወር ሦስት አራት ጋቢ ብሸጥ ነበር። እሷ ጥለቱን መስኮት አጠገብ ዘርግታ ፎቶ ስታነሳው፣ በዚያ እንግሊዝኛዋ ሁለት መስመር ስትጽፍበት፣ ያው ጋቢ ሌላ ጋቢ ይሆናል። ገበያው ደራ። የተገኘውን እኩል እንካፈል ተባባልን። ውል? ኧረ እህትማማች ውል ይጻጻፋል እንዴ!

ሳናማክራት ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ቀብድ ላክሽ በሚል እ.ኤ.አ. በ2022 ተጣላን። ከዚያ በፊትም ያልተነገረ ብዙ ነገር ነበር፤ ቀብዱ ሰበብ ሆነ እንጂ። እኔ በሱቁ ቀረሁ፣ እሷ ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ማመልከቻ እንዳስገባች ግን በምን ልወቅ? ቢሮው ማመልከቻውን በይፋ ካወጣ በኋላ ተቃዋሚ ካለ ብሎ 30 ቀን ይጠብቃል። እኔ ያን 30 ቀን ጋቢ ሳጣጥፍ ነበር።

አሁን የሠራሁትን ስህተት ስሙኝ። ያን ሌሊት በድንጋጤ ኢንተርኔት ላይ ሳስስ "ተቃውሞ አስገባ፤ አቤት ባዩ ካልከሰሰህ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ዕቃህ ይመለሳል" የሚል ምክር አገኘሁ። ሞላሁ፣ ላክሁ፣ ቀን ቆጠርኩ። ለካ ያ ሕግ የሚሠራው ለቅጂ መብት ብቻ ነው፤ ፎቶዬን ሰረቀ፣ ጽሑፌን ገለበጠ ለሚባለው። ለንግድ ምልክት እንደዚያ ያለ በሕግ የተቆረጠ ቀን የለም። ገበያው የራሱን ደንብ ነው የሚከተለው፤ ብዙውን ጊዜም መልሱ "ከአቤት ባዩ ጋር ተስማምታችሁ አቤቱታውን ያንሳ" ነው። እኔ ቀን ስቆጥር የፈረንጅ ገና አለፈ። ከሽሮ ሜዳ የመጣው 60 ጋቢ ሳሎኔን ሞልቶታል።

"ስም ብቻ እኮ ነው፤ ሌላ ስም አውጪለት" ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። ስም ብቻ! ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ባልተነሳች፤ እስከ 2007 ስምምነት ድረስም ከስታርባክስ ጋር ባልተሟገተች ነበር። ደግሞም ለስንቱ ደንበኛ ነው "እኔ ያቺው ነኝ" እያልኩ የምዞረው?

በመጨረሻ አንድ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች ነፃ አገልግሎት ዘንድ ሄድኩ። ያስተናገደችኝ ልጅ ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ አይበልጥም። የነገረችኝ ግን ወገቤን አቀናው። አሜሪካ ውስጥ መብት የሚወለደው በመጠቀም ነው፤ ምዝገባ ያጠነክረዋል እንጂ ለሌላ ሰው ስም አዲስ እናት አይሆነውም። ቀድሞ የተጠቀመ ሰው፣ ገዢውን የሚያምታታ ነው ብሎ ምዝገባው ከወጣ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል። "የመጀመሪያ ሽያጭሽን ማስረጃ አምጪ" አለችኝ። የ2019 ደረሰኝ ኢሜይሌ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አብሮ አደጌ ስታመለክት ደግሞ "እስከማውቀው በዚህ ስም የመጠቀም መብት ያለው ሌላ ሰው የለም" ብላ ፈርማለች። በመሐላ ማለት ይቻላል።

(አዲስ አበባ ሆናችሁ በቴሌግራም ለምትሸጡ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚረጋገጠው በምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው፤ ለ7 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን ይታደሳል። "እኔ ቀድሜ ጀምሬያለሁ" የሚለው ክርክር እዚያ እንደ አሜሪካው አይቀልም።)

ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ልጅቷ "ቆይ፣ ሱቅሽ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ማን ነው ያነሳቸው?" አለችኝ። ነገርኳት። "በጽሑፍ ካላስተላለፈችልሽ የቅጂ መብቱ የእሷ ነው" አለች። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፎቶ ለጥፌ ስሸጥ ኖሬያለሁ! ስሜን ወሰደች ብዬ ሳለቅስ፣ እኔም የእሷን ይዤ ነበር።

ክሱን አላስገባሁም። አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ደወልኩ። እኔም እማዬ ነው የምላቸው። አልጮኹም፣ አልፈረዱም። ሁለታችንንም በአንድ ስልክ አገናኝተው "በሉ ተናገሩ፤ እኔ እሰማለሁ" አሉ። እሷ መጀመሪያ ተናገረች። "ስሙ የአያትሽ ነው፤ ሱቁን ግን እኔ ነኝ ሱቅ ያደረግሁት። አንድ ዶላር ሳትሰጪኝ ነው በሩን የዘጋሽብኝ" አለች። መልስ አጣሁ። ምክንያቱም እውነቷን ነው። ከተጣላን በኋላ የደረሰውን የሁለት ወር ሽያጭ አላካፈልኳትም። "ትምጣና ትጠይቅ" ብዬ ነበር።

ሦስት እሑድ ተነጋገርን። በመጨረሻ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ገጽ ወረቀት ተጻፈ። እሷ አቤቱታዋን ታነሳለች፣ ምዝገባውንም በፈቃዷ ለቢሮው ትመልሳለች። እኔ 2,400 ዶላር በስድስት ወር እከፍላታለሁ፤ የቀረውን ድርሻዋንና የፎቶዎቹን ዋጋ ማለት ነው። ፎቶዎቹም በጽሑፍ ወደ እኔ ይዛወራሉ። እማዬ በስልክ ሲነበብላቸው "ይኼን መጀመሪያ ብትጽፉት ምን ነበረበት?" ብለው ዝም አሉ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ሱቁ ተመለሰ። ገናም ጥምቀትም አልፎ ነበር። ስሙን በራሴ አስመዘግባለሁ ብዬ ስጠይቅ ዋጋው ከዚያው ዓመት ጃንዋሪ ጀምሮ ለአንድ የዕቃ ምድብ 350 ዶላር ሆኗል። ጋቢ እንደ ብርድ ልብስ 24ኛ ምድብ ይገባል፣ ነጠላ እንደ ልብስ 25ኛ። ስለዚህ 700 ዶላር። እያማረርኩ ከፈልኩ። ከ60ው ጋቢ 38ቱ እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር ነው።

ክፍያውን በየወሩ እልክላት ነበር። ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ሁለት ቃል እጽፋለሁ፤ እንዴት ነሽ፣ ልጁ እንዴት ነው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል እያልኩ። አትመልስም። የመጨረሻውን ስልክ ምንም አልጻፍኩም። ያን ዕለት ግን ማታ ላይ መልእክት ገባ። "ደርሶኛል" ይላል።