ሥጋ የለያየውን ማዕድ

ሚዛን ተፈሪ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች፣ ለጎረቤት የምትሆን አንድ ምግብ ለምደናል። የሜክሲኮ ሰዎች ኤንቺላዳ ይሏታል፤ በቀይ በርበሬ ስልስ የተነከረ፣ አይብ የተጠቀለለበት የበቆሎ ቂጣ ናት። በቆሎውም በርበሬውም መነሻቸው የእነሱ አገር ነው፤ ኮረሪማው ግን የኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ።

ሽንኩርቱን በደረቁ እናቁላላለን። ከዚያ ዘይት፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምረን፣ እንዳያርር ውሃ ጠብ እያደረግን 30 ደቂቃ ያህል እናበስለዋለን። ኮረሪማው መጨረሻ ላይ ነው። እነሱ በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ስለሚፈጩት ቂጣቸው ሲጠቀለል አይሰበርም። የኛ ስለሚሰበር የስንዴ ዱቄት እኩል እንቀላቅልበታለን። ቂጣው ሳይበርድ አይቡን ጠቅልለን ስልሱን እናለብሰዋለን።

ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። በተከራየንበት ግቢ ክርስቲያን ተማሪዎች አሉ። የኛን ሥጋ እነሱ፣ የእነሱን እኛ አንበላም፤ በዓል ሲመጣ ሁሉም በየክፍሉ ነው። አይብ ግን “ማን አረደው?” አያስብልም። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በሌሎች ጾሞቻቸው፣ በአይቡ ፈንታ ድንች እናደርጋለን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ስለ ወጥና ስለ ጎረቤት የሰጡትን ምክር መድረሳ ተምረነዋል። ሥጋው ባያገናኘን ስልሱ ያገናኘናል። ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ሳምንት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።