ውሃው እስኪያርፍ

በካናዳ ምዕራባዊ የባሕር ጠረፍ፣ በቫንኩቨር ደሴትና በኳድራ ደሴት መካከል፣ ሲሞር የሚባል ጠባብ ሰርጥ አለ። ወርዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያንሳል። ግራና ቀኙን ጥቅጥቅ ያለ የጥድና የዝግባ ደን የለበሱ ኮረብታዎች ይዘውታል። በዕረፍቱ ሰዓት የደረሰ እንግዳ ሐይቅ ነው ይለዋል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያየው እንደሆነ ግን በክረምት ሞልቶ የሚወርደውን የዓባይን ውሃ ያስታውሰዋል። ልዩነቱ፣ ዓባይ ምንጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ መውረዱ ነው። ይህኛው በቀን አራት ጊዜ ያህል ፊቱን ያዞራል።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙላት ቫንኩቨር ደሴትን በሰሜንም በደቡብም ዞሮ ይመጣል፤ ደሴቲቱ ረጅም በመሆኗ ሁለቱ ውሆች እኩል አይደርሱም። ስለዚህ ባሕሩ በሰርጡ ሰሜናዊ ጫፍ ከፍ ብሎ በደቡባዊው ጫፍ ዝቅ የሚልበት፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ነገሩ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። ከከፍታው ወደ ዝቅታው የሚሮጠው ውሃ ሁሉ በዚያች ጠባብ በር ለማለፍ ይገደዳል። ባሕሩ ሲሞላ ጅረቱ ወደ ደቡብ፣ ሲጎድል ወደ ሰሜን ይነጉዳል። ትልቅ ሙላት ባለበት ቀን ፍጥነቱ በሰዓት 15 የባሕር ማይል፣ ማለትም 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንዲት ያረጀች የሥራ ጀልባ ሞተሯን እስከ መጨረሻው ብትጭን 7 ወይም 8 የባሕር ማይል ብትሄድ ነው። ሒሳቡን ለመሥራት የባሕር ትምህርት ቤት መግባት አያሻም።

በዚህ ሰርጥ ሠራተኞችን ወደ ደን ሥራ ሰፈሮች የሚያመላልሱ አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ባሕረኛ ነበሩ። ባሕርን የተማሩት በምፅዋ ነው፤ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከበኛ በነበሩ ጊዜ። በምፅዋ ሙላቱና ጉድለቱ በአንድ ሜትር ገደማ የሚያበቃ በመሆኑ፣ የዚያ ወደብ መርከበኛ ነፋሱንና የዳህላክን ጥልቀት የለሽ ዐለታማ ውሃ እንጂ የሰዓት ሠንጠረዥን መፍራት አልለመደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን ሲሸሹ እርሳቸውም በአንደኛዋ ላይ ነበሩ። ከእርሳቸው ጋር ደግሞ አንድ የሞተር ባለሙያ ጓደኛቸው ነበር። ሁለቱ በስደት ካምፕ አንድ ምንጣፍ፣ በኋላም በቫንኩቨር ከተማ አንድ ክፍል የተካፈሉ ሰዎች ናቸው። ጓደኛቸው ዛሬ በሕይወት የለም። ልጁ ግን የጀልባ ነጂነት ሙያ ሊማር ከእኒሁ አዛውንት ጋር መሥራት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን፣ ሦስት የደን ላብ አደሮችን አሳፍረው ከሰሜን ወደ ካምቤል ሪቨር ከተማ ይመለሱ ነበር። ጀልባዋ ስምንት ሜትር የምትረዝም የአሉሚኒየም ጀልባ ናት፤ ሁለት ሞተሮች ከኋላዋ ተሰክተው በሰዓት 30 የባሕር ማይል ትሮጣለች። ከሰርጡ በላይ ሲደርሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል። በሠንጠረዡ መሠረት ውሃው የሚያርፈው 9 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። አዛውንቱ ሞተሩን አበረዱና በኳድራ በኩል ወዳለችው ፕላምፐር ቤይ ወደምትባል ባሕረ ሰላጤ ገብተው መልሕቅ እንዲጣል አዘዙ።

ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። አሥር ቀን በድካም የሠራ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ታንኳ ውስጥ መቀመጥን እንደ በደል ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ከመካከላቸው አንደኛው፣ ሌሎች ነጂዎች በዚህ ሰዓት እያለፉ እንደሚያሳልፏቸው፣ የጀልባዋም ፍጥነት ከጅረቱ እጥፍ መሆኑን አስረዳ። የተናገረው ሐሰት አይደለም፤ ፈጣን ጀልባ ያላቸውና ቦታውን በሚገባ የሚያውቁ ያልፋሉ፣ አብዛኞቹም በደኅና። ሌላው ደግሞ በስተምዕራብ ባለችው ብራውን ቤይ እንዲያወርዷቸው ጠየቀ። ከዚያ ወደ ከተማ የሚወስድ መንገድ አለ፤ ነገር ግን የሚጠብቃቸው መኪና የቆመው ካምቤል ሪቨር ነበር። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

የአዛውንቱ ሒሳብ ሌላ ነበር። በዚያ ቀን ነፋሱ የሚነፍሰው ከደቡብ ምሥራቅ ሲሆን ጅረቱ የሚሮጠው ወደ ደቡብ ነው። ነፋስና ጅረት ፊት ለፊት ሲገናኙ ሞገዱ ያጥራል፣ ይቆማል፣ እንደ ግድግዳም ይሆናል። በሰርጡ መካከል ዋናው ውሃ ወደ ፊት ሲነጉድ በዳርና በዳር ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አዙሪቶቹ የሚወለዱት በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነው። የጀልባው አፍንጫ ወደ አንደኛው ውሃ ገብቶ ጅራቱ በሌላኛው ሲቀር፣ ፍጥነት በበዛ መጠን ጥምዘዛው ይከፋል። ከሥር እየፈላ የሚወጣውም ውሃ አየር ስለሚቀላቀልበት ፕሮፔለሩ የሚይዘው ነገር ያጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ከደን ሥራው ያመለጡ ግንዶች አሉ፤ ግማሾቹ ቀጥ ብለው ጫፋቸው ብቻ ብቅ ጥልቅ እያለ የሚንሳፈፉ። በ30 የባሕር ማይል ፍጥነት የሚመጣ ጀልባ እንዲህ ያለውን ግንድ የሚያየው ከመታው በኋላ ነው። በአገራችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በሲሞርም ከአዙሪቶቹ በፊት ውሃው እንደ መስተዋት የሚለሰልስበት፣ ጀልባዋም ያለ ድካም የምትንሸራተትበት ስፍራ አለ።

ወጣቱ መልሕቁን ከጣለ በኋላ ሰርጡን ሲመለከት ቆየ። እዚያ ውስጥ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ካደረጋቸው ትግሎች አንዱ እንደ ተካሄደ አዛውንቱ ደጋግመው ነግረውታል። በሰርጡ መካከል ሪፕል ሮክ የሚባል ባለ ሁለት ጫፍ ዐለት ነበር፤ አንደኛው ጫፍ ውሃው በጎደለ ጊዜ ከገጹ በታች የሚርቀው 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጆርጅ ቫንኩቨር እ.ኤ.አ. በ1792 በመርከብ ካለፈበት ዘመን በፊት የባሕሩ ዳርቻ ነባር ሕዝቦች ከዝግባ ግንድ በተፈለፈሉ ታንኳዎች ሰዓቱን ጠብቀው ይሻገሩት ነበር። መርከበኞቹ ግን ብዙ ዋጋ ከፈሉበት። እ.ኤ.አ. በ1875 ሳራናክ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ተመትታ ሰጠመች፤ ዐለቱ እስከ ጠፋበት ጊዜ ድረስ ከ100 በላይ መርከቦችና ጀልባዎች ተጎዱ ወይም ሰጠሙ፣ ከ100 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

በ1940ዎቹ መሐንዲሶች ዐለቱን ከላይ ሆነው ለመብሳት ሞከሩ። ተንሳፋፊ የሥራ መድረክ በብረት ገመድ ከከባድ መልሕቆች ጋር አሰሩ፤ ጅረቱ ገመዱን በየጊዜው በጠሰው። በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ ጀልባቸው በአዙሪት ተይዛ ዘጠኝ ሠራተኞች ሰጥመዋል። እንዲያውም ዐለቱ እንዳይነካ የተከራከሩ ነበሩ፤ ደሴቱን ከዋናው ምድር ጋር ለሚያገናኝ ድልድይ ምሰሶ ይሆናል በማለት። በመጨረሻ የተገኘው ዘዴ ከውሃው ጋር አለመታገል ሆነ። ከኅዳር 1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሞድ ደሴት ላይ ጉድጓድ ወደ ታች ቆፈሩ፣ ከባሕሩ ወለል ሥር ወደ ጎን ዋሻ አወጡ፣ ከዚያም በዐለቱ ሆድ ውስጥ ወደ ላይ ወጡ። በአማካይ 75 ሰዎች በሦስት ፈረቃ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ ከራሳቸው በላይ ጅረቱ ሲነጉድ። ሚያዝያ 5 ቀን 1958 (እ.ኤ.አ.) ጧት፣ ከ1,200 ቶን የሚበልጥ ፈንጂ በአንድ ጊዜ ተተኰሰ። ከ600,000 ቶን በላይ ድንጋይና ውሃ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ሕዝቡም ትርኢቱን በቴሌቪዥን በቀጥታ ተመለከተ። ዛሬ የዐለቱ ጫፍ ከውሃው በታች 14 ሜትር ያህል ነው። ትልልቅ መርከቦች በላዩ ያልፋሉ። ጅረቱ ግን እንደ ነበረ አለ፤ ወደ አላስካ የሚሄዱት ግዙፍ የመንገደኛ መርከቦች እንኳ ሰዓቱን ይጠብቁለታል።

«ጋሼ» አለ ወጣቱ፣ «አባቴ የወደቀው በዚህ ቦታ ነው?»

አዛውንቱ ወዲያው አልመለሱም። ጥያቄው ከዚያ ቀደም ቀርቦ አያውቅም። በቤት የሚነገረው ታሪክ አጭር ነበር፤ ባሕሩ ያለ ጠባዩ ተነሣ፣ አባት ወደቀ፣ እግዚአብሔር አወጣው። አባትየው ራሱ ይህን ሲተርክ አዛውንቱ በዚያው ማዕድ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

«እዚያ፣ ከሞድ ደሴት በታች» አሉ በእጃቸው እያመለከቱ። «የባሕሩ ጥፋት ግን አልነበረም።»

ከዚያም ነገሩት። ጊዜው ሰኔ 1996 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከአንድ ዓሣ አጥማጅ በተዋሷት፣ በሰዓት 7 የባሕር ማይል በምትሄድ ጀልባ ከካምቤል ሪቨር ወደ ሰሜን ተነሡ። ሠንጠረዡን ያነበቡት እርሳቸው ናቸው። የውሃው ዕረፍት 16 ሰዓት ከ10 ይላል። በአገራቸው አቆጣጠር ማሰብ ስላልተዉ ስድስት ሰዓት ቀንሰው 10 ሰዓት ከ10 አሉ፤ እንዳይሳሳቱም ሁለት ጊዜ ቀነሱ። ነገር ግን ሠንጠረዡ የሚታተመው በክረምቱ ሰዓት ነበር፤ በበጋ የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ አንባቢው አንድ ሰዓት መጨመር ነበረበት። ማስታወሻው በገጹ ላይ ታትሟል። እርሳቸው በስድስቱ ሰዓት ተጠምደው አንዷን ሰዓት ረሱ።

ወደ ሰርጡ ሲገቡ ጅረቱ ገና ስድስት የባሕር ማይል ያህል ፍጥነት ነበረው። ሞተሩ እየጮኸ ግማሽ ሰዓት ሄዱ፤ በዳርቻው ላይ ያለች አንዲት ደረቅ ዝግባ ከመስኮታቸው ሳትጠፋ። ጓደኛቸው ሞተሩ ድካም ያገኘው መስሎት ወደ ኋላ ሄዶ ጎንበስ አለ። በዚያች ቅጽበት አንድ ግንድ መጣና ፕሮፔለሩን መታ። ጀልባዋ ጎኗን ለውሃው ሰጠች፣ ዞረች፣ ደግማ ዞረች። ቀና ሲሉ ጓደኛቸው በቦታው የለም። በሜንዚስ ቤይ የውሃውን ዕረፍት ሲጠብቅ የነበረ የግንድ ጎታች መርከብ ነው፣ ሰዓቱ ስላልደረሰ ብቻ እዚያ ቆሞ የተገኘው፣ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ያወጣው። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እጁ መጨበጥ አቅቶት ነበር።

የጎታቹ ነጂ ለምን በዚያ ሰዓት እንደ ገቡ ጠየቃቸው። ባሕሩ ዛሬ ጠባዩን ለወጠ ብለው መለሱ። ጓደኛቸው ሰማ፣ አመነም። ከዚያ በኋላ ጀልባ ላይ አልወጣም፤ ባሕር ኃይል ያሠለጠነው የሞተር ሰው በከተማው ዳርቻ በሚገኝ መጋዘን ሣጥን ሲደረድር ጡረታ ወጣ።

«ብዙ ጊዜ ልነግረው ተነሥቼ ነበር» አሉ አዛውንቱ። «ቡና ይቀርባል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ይቀራል። ሲታመምም ሆስፒታል ሄጄ ነበር።»

ወጣቱ ምንም አላለም። ሠራተኞቹ አማርኛውን ባይሰሙም ድምፁን ሰምተው ማጉረምረማቸውን ትተዋል። በዳርቻው ያለው ረጅሙ የባሕር አረም፣ ጅረቱ ራሱን ወደ ሥር ስቦ ደብቆት የነበረው፣ እየተራ ብቅ ማለት ጀመረ፤ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ፣ ቀጥሎም ላላ ብሎ። ይህ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ የሚታመን ምልክት ነው። ከደቡብ በኩል አንድ ጎታች መርከብ ግንዶቹን አስከትሎ መታየት ጀመረ።

«ሰዓቱን አንብብልኝ» አሉ አዛውንቱ።

ወጣቱ የሠንጠረዡን ሰዓት አነበበ፤ ማስታወሻውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ የእጅ ሰዓቱን ተመለከተ። ከዚያም ማንንም ሳይጠይቅ መልሕቁን ሳበና መሪውን ያዘ። አዛውንቱ ቦታቸውን ለቀቁለት። በሬዲዮ ወደ ደቡብ እያለፈ መሆኑን አስታወቀ፤ ጎታቹ ሰፊ ቦታ እንዲያገኝ ወደ ቀኙ ተጠጋ፤ በፊቱ ያሉትን ሁለት ምልክቶች፣ አንድ ገደልና አንድ ረጅም ዛፍ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ ጀልባዋ ወደ ጎን አለመወሰዷን እያየ ሄደ። ከሪፕል ሮክ በላይ ሲደርሱ የጥልቀት መለኪያው ላይ ቁጥሩ በድንገት አነሰ፣ ወዲያው ደግሞ በዛ። ውሃው እዚህም እዚያም በዝግታ ከመጠማዘዝ በቀር ተኝቷል። ከሠራተኞቹ አንደኛው እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ከሰርጡ እንደ ወጡ ባሕሩ ወደ ሰሜን መዞር ጀመረ፤ አሁን ነፋሱና ጅረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆኑ ሞገዱ ረገበ። በካምቤል ሪቨር ሠራተኞቹ ሻንጣቸውን አንሥተው፣ ሁለቱ እጅ ነሥተው፣ ሦስተኛው ሳይሰናበት ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ወጣቱ ገመዱን በምሰሶው ላይ ካሰረ በኋላ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ለእናቴ እኔ አልነግራትም። እርስዎ ይንገሯት።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ አዛውንቱ።

«ቅዳሜ ሥራ አለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሁን።»

«እሑድ» አሉና የነዳጁን ክዳን ሊከፍቱ ወደ ኋላ ሄዱ።